አልፍሬድ ቢኔና የሕፃናት ዕድሜ

አልፍሬድ ቢኔ በ1857 ዓ.ም. ኒስ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በዚህ ታሪክ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኒስ በዚያን ጊዜ በሰርዲንያ መንግሥት ሥር ነበረች፤ ወደ ፈረንሳይ የተጠቃለለችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። ወላጆቹ ስለ ተለያዩ ከእናቱ ጋር አደገ፤ ትምህርቱንም በፓሪስ ቀጠለ። በ1878 በሕግ ቢመረቅም ሙያው አላረካውም። ሕክምና ጀምሮ እርሱንም ተወው። ከዚያም በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጠ ስለ ሰው አእምሮ የተጻፉትን መጻሕፍት ያለ አስተማሪ ያነብ ጀመር።

በ1880ዎቹ ዓመታት ሳልፔትሪየር በተባለው የፓሪስ ሆስፒታል፣ በስመ ጥሩው ሐኪም በሻርኮ ዘንድ ይሠራ ነበር። እዚያም ቢኔና ባልደረባው ፌሬ በማግኔት አማካይነት የሕሙማንን ስሜትና እንቅስቃሴ ከአንዱ የሰውነት ጎን ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚቻል ጻፉ። ዴልቤፍ የተባለ የቤልጅግ ሊቅ ግን ነገሩን መርምሮ ሕሙማኑ የሚጠበቅባቸውን አስቀድመው ይረዱ እንደ ነበረ አሳየ። ቢኔ ለጊዜው ቢከራከርም በመጨረሻ ስሕተቱን በይፋ አመነ። ለወጣት ተመራማሪ ይህ ቀላል ውርደት አልነበረም። ነገር ግን ጠያቂው ሳያውቀው መልሱን ለተጠያቂው ሊያቀብል እንደሚችል የተማረው ከዚህ ነው።

ቢኔ በ1884 አግብቶ ማድሌንና አሊስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ልጆች ወልዶ ነበር። በሆስፒታል ያጣውን እውነት በቤቱ አገኘ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሁለት መሥመሮች እየሣለ የትኛው እንደሚረዝም ሲጠይቃቸው፣ ሕፃናቱ ከአዋቂዎች ብዙም ሳያንሱ ለይተው ይነግሩት ነበር። የአንድን ዕቃ ምንነት ሲጠይቃቸው ግን ዕቃው ለምን እንደሚያገለግል ብቻ ይነግሩታል። በዘመኑ ብዙዎች የሰውን አእምሮ በዓይን ንቃትና በእጅ ፍጥነት ለመለካት ይደክሙ ነበር። ቢኔ ግን ሕፃንንና አዋቂን የሚለየው ማስተዋልና ፍርድ መሆኑን ከልጆቹ ተረዳ። በ1890 ስለ እነርሱ የጻፋቸውን ጥናቶች አሳተመ። በ1894 የሶርቦን የሥነ ልቡና ላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነ። የተማሪዎችን ራስ እየለካ የጎበዙንና የሰነፉን ልዩነት ለማወቅም ሞክሮ ነበር፤ ያገኘው ልዩነት ግን እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ይህን መንገድ ተወው።

በ1904 የፈረንሳይ የትምህርት ሚኒስቴር አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በመደበኛው ክፍል መከታተል ያልቻሉ ልጆች እንዴት ተለይተው ልዩ ትምህርት እንደሚያገኙ የሚያጠና ነበር፤ ቢኔም አባል ሆነ። ጉዳዩ ከባድ ነው። በችኮላ በተሰጠ ፍርድ አእምሮው ደካማ የተባለ ልጅ ያ ስም ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ዓይን አፋር ወይም ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ከደካማው ጋር ሊደባለቅ ይችላል። ስለዚህ ቢኔና ወጣቱ ሐኪም ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ሠላሳ ፈተናዎች የያዘ መለኪያ አወጡ።

የአፈታተኑ ደንብ የቢኔን የቀድሞ ስሕተት ያስታውሳል። ልጁ ጸጥ ባለ ክፍል ከፈታኙ ጋር ብቻውን ይሆናል፤ በመጀመሪያም በደግነት ይቀበሉታል። ትንሽና ፈሪ ከሆነ የሚያውቀው ሰው አብሮት ይግባ፤ ነገር ግን ያ ሰው አንዲት ቃል መናገር የለበትም። ፈታኙም ያበረታታል እንጂ መልስ አይጠቁምም። አስተማሪ የሆነ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቃል፤ ልጅ ሲንተባተብ አፍን ዘግቶ መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ይሁንና አንድ ልጅ ስንት ጥያቄ መለሰ ማለት ብቻውን ትርጉም የለውም። የአምስት ዓመት ልጅ አራት ማዕዘን አስመስሎ ቢሥል የሚጠበቅ ነው፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ ይህ ቢያቅተው ግን ያሳስባል። ቢኔና ሲሞን በ1908 መለኪያቸውን አሻሽለው ፈተናዎቹን ከሦስት እስከ አሥራ ሦስት ዓመት ባሉት ዕድሜዎች የደለደሉት በዚህ ምክንያት ነው። የሦስት ዓመት ልጅ አፍንጫውን፣ ዓይኑንና አፉን ያሳያል። የአምስት ዓመቱ ከሁለት ሣጥኖች የሚከብደውን ይለያል፤ አራት ሳንቲምም ይቆጥራል። አንድ ፈተና በአንድ ዕድሜ ሥር የሚመደበው የዚያ ዕድሜ ልጆች አብዛኞቹ ሲሠሩት ነው። አቆጣጠሩም እንዲህ ነበር፦ በመጀመሪያ ልጁ የትኛውን ዕድሜ ፈተናዎች እንዳሟላ ይታያል፤ ከዚያ በላይ ከሠራቸው ፈተናዎች አምስቱ እንደ አንድ ዓመት ይታሰቡለታል። የተገኘው ቁጥር የአእምሮ ደረጃው ይባላል፤ ይህም ከተወለደበት ዘመን ጋር ይነጻጸራል።

ቢኔ የሁለት ዓመት ጉድለት በሁሉም ዕድሜ እኩል እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በትምህርት ወደ ኋላ የቀሩትን ለመለየት፣ ከዘጠኝ ዓመት በታች ለሆነ ልጅ የሁለት ዓመት መዘግየትን፣ ከዘጠኝ በላይ ለሆነው ግን የሦስት ዓመት መዘግየትን እንደ ምልክት ወሰደ። ያም ቢሆን ምልክት እንጂ ፍርድ አልነበረም። በ1909 ባሳተመው መጽሐፍ የልጅ አእምሮ የማይጨመርበት ቋሚ ነገር ነው የሚሉትን ተቃወመ፤ በልዩ ክፍሎችም ትኩረትንና ትውስታን የሚያዳብር ልምምድ እንዲሰጥ አደረገ። የአካል እንቅስቃሴ ጡንቻን እንደሚያጠነክር ሁሉ አእምሮም በልምምድ ይጎለምሳል የሚል እምነት ነበረው።

በ1911 መለኪያውን እንደገና አሻሻለ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በ54 ዓመቱ ሞተ። በማግሥቱ ዓመት ዊልያም ሽተርን የተባለው ጀርመናዊ የአእምሮን ዕድሜ ለትክክለኛው ዕድሜ ማካፈል ይሻላል አለ። አሜሪካዊው ሉዊስ ተርማን ደግሞ በ1916 ውጤቱን በመቶ አባዝቶ አወጣው። በዚህ ስሌት የአእምሮው ዕድሜ 4 የሆነ የስድስት ዓመት ልጅ 67 ሲያገኝ፣ የአእምሮው ዕድሜ 10 የሆነ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ 83 ያገኛል፤ ሁለቱም ግን በሁለት ዓመት የዘገዩ ናቸው። ቆይቶ ይህም ስሌት ለአዋቂዎች እንደማይሠራ ታወቀ፤ የሰው ዕድሜ ሲጨምር የፈተና ችሎታው በዚያው ልክ አያድግምና። በ1960 የተሻሻለው የተርማን መለኪያ ማካፈሉን ትቶ እያንዳንዱን ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ወደ ማነጻጸር ተመለሰ።