ልዕልት ፀሐይ፥ የሕሙማን አገልጋይ

በአገራችን የታመመ ሰው ያለ አስታማሚ አይቀርም። እናት ልጅዋን፥ ሚስት ባልዋን፥ ጎረቤት ጎረቤቱን ሲያስታምም መኖሩ ከጥንት የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ማስታመም በትምህርት የሚገኝ፥ ፈተና ተፈትነው የምስክር ወረቀት የሚቀበሉበት ሙያ ሆኖ ከታወቀ ብዙ ዘመን አልሆነውም። የማያውቁትን ሰው ቍስል ማጠብ፥ ሕመምተኛን ከአልጋ ማንሣትና መልሶ ማስተኛት፥ ሌሊቱን በእግር ቆሞ ማደር፥ ይህ ሁሉ ለአገልጋይ የተተወ ሥራ ነው እንጂ ለባለ ወገን ልጅ አይገባም ይባል ነበር። ሴት ልጁ ነርስ ልሁን ስትለው ፊቱን ያጠቈረ አባት ያላጋጠመው አንጋፋ መምህር ቢኖር ጥቂት ይመስለኛል። የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር ሕይወት በመምህራን መጽሐፍ ውስጥ ሊነገር የሚገባውም ስለዚሁ ነው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፥ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ እናታቸውም እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። ለእነዚህ ወላጆች ከሴቶች ልጆች የመጨረሻዋ እርሳቸው ነበሩ። አባታቸው በጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ሲጭኑ ልዕልቲቱ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከዘውዱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በእናታቸው ስም የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ ትማር ማለት ገና ክርክር የሚያስነሣበት ዘመን ስለ ነበር፥ ልዕልቲቱ ያደጉት ይህ ክርክር በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ሲካሄድ እየሰሙ ነው ማለት ይቻላል።

በልጅነታቸው ሐዘንም ቀምሰዋል። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድረው ወደ መቐለ ከሄዱ በኋላ በ1925 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው እዚያው ዐረፉ። የሁለቱ እኅትማማቾች ዕጣ እንዴት እንደ ተመሳሰለ ወደ ኋላ እናየዋለን።

በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን ሲወር፥ ልዕልት ፀሐይ 16 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተቋቋመው ከወረራው ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. ሲሆን፥ በአገሩ ሁሉ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፥ ከእነርሱም የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ሠልጥኖ የሚያስታምም ሰው ደግሞ ከሐኪሙም ያነሰ ነበር። የአዲስ አበባ ሴቶች በእቴጌይቱ የበላይነት በማኅበር ተሰብስበው ለዘማቹ ልብስና የቍስል መጠቅለያ ጨርቅ ያዘጋጁ ጀመር፤ ልዕልቲቱም ከእነርሱ ጋር ተቀምጠው በገዛ እጃቸው ይሠሩ ነበር። ጠላት መርዝ ጋዝ መርጨት ከጀመረ በኋላ ሴቶቹ አፍና አፍንጫ የሚሸፍን መከላከያም ይሰፉ ነበር። መርዙ ግን ሲተነፍሱት ብቻ ሳይሆን ቆዳንም የሚያቃጥል ስለ ሆነ፥ ባዶ እግሩን ለሚዘምት ወታደር ጨርቁ የሚያድነው በጥቂቱ ነበር።

በኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ሆስፒታሉ በአውሮፕላን ተደበደበ። በታኅሣሥም ወር በደቡብ ግንባር በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ጓድ ድንኳን በቦምብ ተመታ። ልዕልት ፀሐይ በዚህ ጊዜ ስለ መርዝ ጋዙ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች የአቤቱታ መልእክት ላኩ። የአንዲት ልጅ እግር ቃል የመንግሥታትን አሳብ አላስለወጠም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ብዙ ወዳጅ ያፈራላቸው ስም በውጭ አገር መሰማት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

በሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተ ሰባቸው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ከኢየሩሳሌም ቈይታ በኋላ ልዕልቲቱ አባታቸውን ተከትለው በግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለንደን ደረሱ። ቤተ ሰቡ ባዝ በምትባል ከተማ ፌርፊልድ በተባለ ቤት ተቀመጠ። ገንዘብ ያጠረበት፥ ክረምቱ የበረታበት፥ ከአገር የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሞት ወሬ የሆነበት የስደት ኑሮ ነበር።

እንግዲህ የልዕልቲቱ ጠባይ የታወቀው በዚህ ቦታ ነው። የንጉሥ ልጅ በስደት ላይ ሆና በሰው ርኅራኄ ልትኖር፥ በግብዣና በስብሰባ ስለ አገርዋ እየተናገረች ጊዜዋን ልታሳልፍ ትችል ነበር፤ የሚነቅፋትም አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን በዚያው ዓመት በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ወደሚገኘው ታላቅ የሕፃናት ሆስፒታል ተማሪ ነርስ ሆነው ገቡ።

የዚያን ጊዜ የነርስ ትምህርት ምን እንደ ነበረ ለማያውቅ ሰው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። ተማሪዋ ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ሠራተኛ ናት። አልጋ ታነጥፋለች፥ ዕቃ ታጥባለች፥ የሕመምተኛውን ሽንትና እዳሪ ታወጣለች፥ ትኵሳት ለክታ ትጽፋለች፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ለትምህርት የምትቀመጠው። በነርሶች ማደሪያ ታድራለች፥ በተወሰነ ሰዓት ትገባለች፥ በአለቃዋ ፊት እጅዋን ወደ ኋላ አድርጋ ትቆማለች። የሌሊት ተራ ሲደርሳት የሚያለቅሱትን ሕፃናት ብቻዋን ስትጠብቅ ታነጋለች። በዘውድ ቤት ያደገች ልጅ ይህን ለአንድ ሳምንት ብትሞክረው አያስደንቅም፤ ልዕልት ፀሐይ ግን ሦስት ዓመት ያህል ቆይተው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1939 የሕፃናት ነርስነት ፈተናቸውን አልፈው በመዝገብ ገቡ። ከዚያም አልበቃ ብሏቸው የአዋቂዎችን ሕክምና ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ተዛወሩ። በዚያው ዘመን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት ይደበድቡ ጀመር። በአገራቸው ያዩትን ጦርነት በሰው አገርም አዩት።

በዚሁ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወደ ኢጣልያ መርዶ መጣ። በአባት እኅታቸው የሆኑት ልዕልት ሮማነ ወርቅ፥ ባለቤታቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ በጠላት ከተገደሉ በኋላ ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ተወስደው ነበርና፥ ቱሪን በምትባለው ከተማ ዐረፉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ልዕልቲቱም የጋይስን ትምህርት ሳይፈጽሙ አቋርጠው ወደ አገር ተመለሱ። የጠበቃቸው አገር ቍስለኛው ብዙ፥ መድኃኒቱ ጥቂት፥ የተማረው ወጣት በጠላት እጅ ያለቀበት ነበር። አሳባቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች ልጆች በገዛ አገራቸው ነርስነትን የሚማሩበት ሆስፒታል እንዲቋቋም ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ለራሳቸው ያገኙትን ምስክር ወረቀት እንደ ጌጥ አላዩትም፥ ለሌሎች ሊያስተላልፉት ያሰቡት ዕውቀት ነበር።

ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ወጣቱን የጦር መኰንን አቢይ አበበን አገቡ፤ እርሳቸውም በወለጋ ተሹመው ስለ ነበር ተከትለዋቸው ወደ ለቀምት ሄዱ። በዚያም ከእርግዝና የመጣ ሕመም አገኛቸው። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፥ በክረምቱ ልብ፥ 23 ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። የሕፃናት ነርስ የሆኑት ሴት የራሳቸውን ልጅ ለማቀፍ አልታደሉም። ስንት ባላገር ሴት በዚያው ዓመት፥ በዚያው ክረምት፥ በዚያው ዓይነት ሕመም እንደ ሞተች የመዘገበ የለም፤ የልዕልቲቱ ሞት ግን የእነዚያን ሁሉ ሞት እንዲታሰብ አደረገ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ምኒልክ በተቀበሩበት በበዓታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ።

ወሬው ለንደን ሲደርስ ሲልቪያ ፓንክኸርስት ተነሡ። እኒህ ሴት ለሴቶች የምርጫ መብት በመታገል የታወቁ፥ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮም ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ እያሳተሙ የተከራከሩ ናቸው። ለልዕልቲቱ መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ማኅበር አቋቁመው፥ በጦርነት የደኸየውን የእንግሊዝ ሕዝብ ሳይቀር ለዓመታት ገንዘብ ለመኑ። ሆስፒታሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ልዕልቲቱ እንዳሰቡትም ኢትዮጵያውያን ነርሶች ሠለጠኑበት። ሲልቪያ በ1948 ዓ.ም. ጠቅልለው አዲስ አበባ ገቡ፤ በመስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ሞተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

የልዕልት ዘነበ ወርቅ ስምም በአዲስ አበባ ምዕራብ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ተሰጥቶ ነበር። በወጣትነታቸው የተቀጠፉ ሁለት እኅትማማቾች ሁለቱም ስማቸውን ለሐኪም ቤት ተዉ፤ ነገሥታቱ በአደባባይ ካቆሙት ሐውልት ይልቅ ይህኛው ሰውን የጠቀመ ይመስለኛል።

በ1967 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲለወጥ ብዙ ነገር አብሮ ተለወጠ። ሌተና ጄኔራልነት የደረሱት አቢይ አበበ በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተገደሉት ከፍተኛ ባለ ሥልጣኖች አንዱ ሆኑ። የሆስፒታሉም የመታሰቢያ ስም ተነሥቶ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ፤ በጦር ሜዳ የቈሰሉ ወታደሮች የሚታከሙበት ሆነ። በ16 ዓመታቸው ለዘማች የቍስል መጠቅለያ ያዘጋጁት ልዕልት ቤት ለቍስለኛ ወታደር መዋሉን ሳስብ፥ ስሙን ያነሡት ሰዎች ሳያውቁት ከሥራቸው ጋር አስማምተውታል እላለሁ። ዛሬ የከተማው ሰው ሰፈሩን ጦር ኃይሎች ብሎ ይጠራዋል፤ የከተማው ባቡርም በምዕራብ በኩል ጉዞውን የሚጨርሰው በዚሁ ስም በተጠራው ጣቢያ ነው።