አላርሙ ከመጮሁ በፊት ማየት የፈለገችው ነርስ

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የቤታችሁ አላርም ጮሆ በድንጋጤ ዘላችሁ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ቤት በዚህ ክረምት ይሄ ነገር ተደጋግሟል። ሌባ የለም፣ ዝም ብሎ ይጮሃል። የመጀመሪያው ቀን ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ወጣ። በአራተኛው ግን መብራት ያበራ እንኳ አልነበረም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። እውነተኛው ሌባ ሲመጣስ ማን ሊወጣ ነው?

በዚህ መሃል ነው የማሪ ቫን ብሪታን ብራውን ታሪክ ትዝ ያለኝ።

ማሪ እ.ኤ.አ. በ1922 ኒውዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ ተወለደች። ጥቁር አሜሪካዊት ነርስ ነበረች፤ ባሏ አልበርት ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሺያን። የሁለቱም የሥራ ሰዓት የተዘበራረቀ ስለነበር ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትሆናለች። በሰፈሩ ወንጀል በዝቷል፤ ፖሊስ ቢጠራም ቶሎ አይደርስም። ሌሊት በር ሲንኳኳ፣ ማን እንደሆነ ለማወቅ ራሷ በሩ ድረስ መሄድ ሊኖርባት ነው።

ማሪ ግን ከአልጋዋ ሳትነሳ ማየት ፈለገች። ከባሏ ጋር ሆና በሩ ላይ ከፍታቸው የተለያየ አራት ቀዳዳዎች ያሉት ሲስተም ነደፈች። ካሜራ ወደ ላይና ወደ ታች እየተንሸራተተ ረጅሙንም አጭሩንም ሰው ያሳያል። ምስሉ መኝታ ቤት ባለ ቴሌቪዥን ይታያል። በማይክሮፎን እንግዳውን ማናገር ይቻላል። ወዳጅ ከሆነ በሩ ከርቀት ይከፈታል፤ ካልሆነ በአንድ ቁልፍ ለጥበቃ ወይም ለፖሊስ ጥሪ ይደርሳል።

የፈጠራ መብት ማመልከቻውን በነሐሴ 1966 አስገቡ፤ በታኅሣሥ 1969 በቁጥር 3,482,037 ጸደቀላቸው። በጊዜው ዕቃው ውድ ስለነበር በየቤቱ አልገባም። ዛሬ ግን በስልካችን የምናያቸው የበር ካሜራዎች ሐሳብ እዚያ ውስጥ አለ።

እኔን የገረመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። የማሪ አላርም በራሱ አይጮህም። መጀመሪያ ታያለች፣ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትወስናለች። የኛ ሴንሰር ግን ነፋስና ሌባ አይለይም። ኢኮኖሚክስ የተማርኩ ስለሆንኩ ነገሩን በወጪ ነው የማስበው፦ እያንዳንዱ የውሸት ጩኸት ከጎረቤት እምነት ላይ ይቀነሳል። ካለቀ ደግሞ በገንዘብ አይገዛም።

ስለዚህ እኔም አላርሙን ከማጥፋቴ በፊት ማየት ጀመርኩ። አፑ ላይ የትኛው ሴንሰር እንደጮኸ ይመዘገባል፤ ሁሌም የሳሎኑ በር ነው። ለካ በሩ በክረምቱ እርጥበት አብጦ በደንብ አይገጥምም፤ ነፋስ ሲነቀንቀው ማግኔቱ ከሴንሰሩ ይርቃል፣ ሴንሰሩም በሩ ተከፈተ ብሎ ያስባል። ማግኔቱን አስጠግቼ ብሎኑን አጠበቅኩ፣ ባትሪውንም ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ጸጥ ብሏል።

የናንተ እንቅስቃሴ የሚያይ ሴንሰር ከሆነ ደግሞ ፊት ለፊቱ ምን እንዳለ እዩ፦ ድመት፣ የሚወዛወዝ መጋረጃ፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ።

ማሪ በ1999 በ76 ዓመቷ አረፈች። እኔ ደግሞ ነገ ጎረቤቶቼን ቡና ጠርቼ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። አላርሙን ጠግኛለሁ፤ የቀረኝ እነሱን ማሳመን ነው።