ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ ዕድል የወሰዳቸው፥ ፈቃድ የመለሳቸው ሰው

ሰው በሕይወቱ የሚደርስበት ነገር ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነውን፥ ወይስ በገዛ ፈቃዱ የሚመርጠው? ይህ ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም። የመልቀቂያ ፈተና በቀረበ ጊዜ በክፍላችን ውስጥም በየዕለቱ ይነሣል። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ ሁሉም ነገር በግንባር የተጻፈ ነው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ የሠራ ሁሉ ያገኛል እንጂ ዕድል የሚባል ነገር የለም ብለው ይከራከራሉ። እኔም ዘንድሮ ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለ ሞላኝና በሚመጣው ዓመት የት እንደምሆን ስለማላውቅ፥ ነገሩ የጨዋታ ክርክር ሆኖ አልታየኝም። ስለዚህ በአገራችን ታሪክ ውስጥ ዕድልና ፈቃድ እጅግ የታገሉበትን የአንድ ሰው ሕይወት መረጥኩ። እኒህም ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. በጎንደር ነው። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ማለቁ የተቃረበበት ነበር። ሕፃኑም ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ መቅደላ አምባ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መርጠው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። በዚያ ሁከት መካከል ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ያህል የሆነው ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ቻምበርሊን የሚባል አንድ የእንግሊዝ መኮንን ሕፃኑን አንሥቶ ወደ ህንድ አገር ይዞት ሄደ። በዚህ ነገር ላይ የሕፃኑ ምርጫ ምንም አልነበረበትም። እናቱን ለመሰናበት እንኳ ዕድሜው አልፈቀደለትም።

ነገር ግን ዕድል ወስዶ በአንድ ቦታ አላሳረፈውም። አሳዳጊው ጥቂት ዓመታት ካሳደገው በኋላ ሞተ፤ ልጁም ሁለተኛ ጊዜ ያለ አሳዳጊ ቀረ። ያን ጊዜ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ለትምህርቱ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለመክፈል ተነሣ። ልጁም የሁለቱን ሰዎች ስም ይዞ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። አባቱ ያወጣለትን ስም አያውቅም፤ የእናቱንም ቋንቋ ረሳ። ኢትዮጵያዊ መሆኑን ግን ያውቅ ነበር።

በእኔ አስተያየት የፈቃድ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት የገባው በሰው ቸርነት ነው፤ ትምህርቱን የፈጸመው ግን በራሱ ትጋት ነው። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ። ኋላም ወደ ስኮትላንድ ተሻግሮ የሕክምና ዕውቀቱን አሳደገ፤ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎትም በበርማ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። ደመወዙ የታወቀ፥ ጡረታውም የተረጋገጠ ነበር። ዕድል ይህን ያህል ካደላው ሰው፥ ባለበት ቢቀመጥ ማንም አይነቅፈውም ነበር።

ከዚህ ላይ ሌላ ልጅ ትዝ ይለኛል። ከዚያው ከመቅደላ አምባ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ ነበር። እርሱ ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተማረ። ነገር ግን በ1872 ዓ.ም. ገና በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ታሞ ሞተ፤ በዊንድዘርም ተቀበረ። ሁለቱ ልጆች ከአንድ አምባ በአንድ ሰሞን ወጡ፤ አንደኛው ሊመርጥ በሚችልበት ዕድሜ ላይ ሲደርስ ዘመኑ አለቀበት። ዕድል የለም የሚሉ ጓደኞቼ ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። ለመምረጥ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ጊዜን ደግሞ ማንም ለራሱ አይሰፍርም። እኔም የልዑሉ እኩያ ስሆን ይህን ባሰብኩ ጊዜ፥ ገና በእጄ ያለው ዘመን እንደ ተራ ነገር የሚታይ አልመስልህ አለኝ።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአድዋ ድል አደረገች። ወሬውም እስከ በርማ ደረሰ። ሐኪም ማርቲን ይባሉ የነበሩት ሰው አገራቸውን ለማየት ቈረጡ፤ በ1891 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ገቡ። ሠላሳ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ልጅ ሆኖ የወጣው፥ ሙሉ ሰው ሆኖ ተመለሰ፤ ነገር ግን አማርኛ የማይሰማ እንግዳ ነበር። በከተማው በሽተኞችን ሲያክሙ ከመቅደላ ስለ ተወሰደው ሐኪም ወሬው ተሰማ። በመጨረሻም ያረጁ ሴት አያታቸው መጥተው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለዩዋቸው። ወርቅነህ የተባለው ስማቸው የተመለሰላቸው ያን ጊዜ ነው። ዘመን ቋንቋን ያስረሳል፥ መልክንም ይለውጣል፤ ያች ትንሽ ጠባሳ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምስክር ሆና ጠበቀች።

ታሪኩ ከዚህ ላይ ቢያልቅ ለተረት ይመች ነበር። እውነተኛው ሕይወት ግን እንዲህ አልሆነም። ሐኪም ወርቅነህ ዘመዶቻቸውን ካገኙ በኋላ እንደገና ወደ በርማ ተመለሱ፤ የመንግሥት ሥራቸው እዚያ ነበርና። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ ታመው የነበሩትን ዐፄ ምኒልክንም ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ከዚያም ዳግመኛ ወደ በርማ ሄደው እስከ ጡረታ አገለገሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅልለው የገቡት በ1911 ዓ.ም. ገደማ፥ ዕድሜያቸው ከአምሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ አገራቸውን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ መረጡ ማለት ነው።

ከሕይወታቸው ሁሉ ይልቅ ይህ ነገር ልቤን ነካው። እኛ ተማሪዎች ምርጫን የአንድ ቀን ሥራ አድርገን እናስበዋለን። የፈተናው ውጤት በተነገረበት ቀን፥ የምንማርበትም ቦታ በታወቀበት ቀን የሕይወታችን በር ለዘለዓለም የሚከፈት ወይም የሚዘጋ ይመስለናል። ሐኪም ወርቅነህ ግን ሄደው ተመለሱ፥ ተመልሰውም ሄዱ፤ ያሰቡትን የፈጸሙት በሃያ ዓመት ነው። ፈቃድ እንደ እርሻ ነው፤ አንድ ጊዜ አርሶ የተወ ገበሬ አረም እንጂ እህል አያገኝም።

ከተመለሱ በኋላ የሠሩት ሥራ ብዙ ነው። የፍል ውኃን መታጠቢያ አሠሩ፤ በመንገድ ሥራም ደከሙ። ነፃ የወጡ ባሮች ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በበላይነት ጠበቁ። በጎልማሳነታቸው የተማሩትን አማርኛ ይዘው ለተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ ጻፉ። በ1920 ዓ.ም. ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ሄዱ። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ፤ ዋና ከተማውም አስበ ተፈሪ ነበረች፤ ይህችም ከተማ ዛሬ ጭሮ ትባላለች። ዕድል በግድ የሰጣቸውን እንግሊዝኛና የውጭ አገር ትምህርት፥ እርሳቸው በፈቃዳቸው የአገር ገንዘብ አደረጉት።

ይሁን እንጂ መልካም የመረጠ ሁሉ መልካም ያገኛል ብዬ ብጽፍ እውነቱን መሰወር ይሆንብኛል። በ1927 ዓ.ም. በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በዚያ በሽምግልና ዕድሜያቸው የእንግሊዝን ሕዝብ ሲለምኑና ሲያስረዱ ከረሙ። ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉት ሁለቱ ልጆቻቸው በእንግሊዝ አገር የተማሩ መሐንዲሶች ነበሩ፤ አገራቸውን ሊያገለግሉ ተመልሰው ከአርበኞች ጋር ቆመው ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች ብዙ የተማሩ ኢትዮጵያውያንን ሲፈጁ ሁለቱንም ገደሏቸው። አባትየው በጦርነት ከወላጆቻቸው ተለዩ፤ በስተርጅናም ጦርነት ልጆቻቸውን ነጠቃቸው። አገራቸውን ባይመርጡ ኖሮ ይህ ኀዘን ባልደረሰባቸው ነበር። ይህን ሳስብ ምርጫ ዋጋ የሚያስከፍል እንጂ ከመከራ የሚያስጥል ጋሻ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ሐኪም ወርቅነህ ግን ከዚያም ወዲያ አልቀሩም። በስደት ዘመን ህንድ አገር ከቈዩ በኋላ፥ አገራችን ነፃ ስትወጣ በ1934 ዓ.ም. እንደገና ተመለሱ። ልጆቻቸው በሞቱበት ምድር፥ ሰማንያ ሰባት ዓመት አልፏቸው፥ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዐረፉ።

እንግዲህ ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ከዚህ ሕይወት ያገኘሁት መልስ ለሁለቱም ተከራካሪዎች የሚስማማ አይመስለኝም። የት እንደምንወለድ፥ ማን እንደሚያሳድገን፥ ስንት ዘመን እንደምንኖር አንመርጥም። የሚወስደንም መንገድ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው የከፈተው ነው። ነገር ግን የተሰጠንን ለማን እንደምናውለው፥ በየጊዜውም ወዴት እንደምንመለስ የእኛ ፈንታ ነው። በሚመጣው ዓመት አንዳንዶቻችን ወደ ፈለግነው፥ አንዳንዶቻችንም ወዳልፈለግነው ቦታ እንሄዳለን። ወዳልፈለገው ቦታ የደረሰ ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፥ ከመቅደላ ያለ ፈቃዱ የወጣው ያ ሕፃን በሄደበት አገር ምን ተምሮ እንደ ተመለሰ ያስታውስ።