ጃኮበስ ተንብሩክ

ጃኮበስ ተንብሩክ (ከጁላይ 6 ቀን 1911 እስከ ማርች 27 ቀን 1968 እ.ኤ.አ.) በካናዳ ተወልደው በአሜሪካ የኖሩ ዓይነ ስውር የሕግ ምሁር ነበሩ። የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የምጽዋት ሳይሆን የእኩልነት መብት ጥያቄ መሆኑን በሕግ ቋንቋ በማስረዳት ይታወቃሉ።

የተወለዱት በአልበርታ ነው። በሰባት ዓመታቸው በቀስት ጨዋታ አንድ ዓይናቸው ተጎዳ፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው ፈጽሞ ማየት አቆሙ። በካሊፎርኒያ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያስተማሯቸው ኒውል ፔሪም ዓይነ ስውር ነበሩ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1938 የሕግ ዲግሪ፣ በ1940 የሕግ ዶክትሬት አገኙ።

በ1940 ከሰባት ግዛቶች ከመጡ ሰዎች ጋር በፔንሲልቬኒያ ብሔራዊ የዓይነ ስውራን ፌዴሬሽንን መሠረቱ። ስሙ «ለዓይነ ስውራን» ሳይሆን «የዓይነ ስውራን» መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ የሚመሩት ራሳቸው ዓይነ ስውራን ነበሩ።

ከ1942 ጀምሮ በበርክሌይ አስተማሩ፤ የተመደቡት ግን በሕግ ሳይሆን በንግግር ትምህርት ክፍል ነበር። በ1949 ከጆሴፍ ተስማን ጋር የጻፉት ጥናት ሕግ ሰዎችን በምድብ ሲለይ መለያው ከሕጉ ዓላማ ጋር መገናኘት አለበት ይላል። በ1954 ደግሞ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በጦርነቱ ጊዜ ስለታሰሩት የጃፓን ተወላጆች መጽሐፍ አሳተሙ።

ከሁሉ የሚልቀው ግን በ1966 የታተመው «በዓለም ውስጥ የመኖር መብት» ነው። ስለ ጉዳት ካሳ ሕግ የተጻፈ ቢሆንም ጥያቄው የዕለት ተዕለት ነው። መንገድ የቆፈረ ሰው ጉድጓዱን ሳያጥር ቢሄድና ዓይነ ስውር ቢወድቅበት ጥፋቱ የማን ነው? ብቻውን መውጣቱ በራሱ እንደ ቸልተኝነት ከተቆጠረበት፣ ሕጉ ቤቱ እንዲቀመጥ ፈረደበት ማለት ነው። ተንብሩክ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን እየመረመሩ መንገዱ የእሱም ነው ሲሉ ተከራከሩ። ስለዚህ ቆፋሪው ነጭ በትር የያዘ ሰው ሊያልፍ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ አለበት። አካል ጉዳተኛውን ከጉድለቱ ይልቅ የሚያግደው ሌሎች ስለ እሱ ያላቸው ግምት መሆኑንም በዚሁ ጥናት አሳይተዋል።

ጥናቱ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ በካንሰር በ56 ዓመታቸው አረፉ። የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የወጣው በ1990 ነው። በኢትዮጵያም በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ እንዲያመቻች ያስገድዳል።