ሬኔ ላኔክ፤ የልብን ድምፅ ያዳመጠው ሐኪም

የሚከተለውን የሕይወት ታሪክ በጥሞና አንብቡ። በየአንቀጹ የሚገኘውን ዋና ሐሳብ በደብተራችሁ ላይ በአጭሩ መዝግቡ፤ በመጨረሻም የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ። በምንባቡ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በአካባቢያቸው ባሉት የወረዳ ከተሞች ለመታከም ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው በባለሙያው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ የሚያየው አንድ መሣሪያ አለ። ሁለቱ ጫፎች በባለሙያው ጆሮዎች ውስጥ ይገባሉ፤ ሦስተኛው ጫፍ በበሽተኛው ደረት ላይ ያርፋል። ይህ የልብና የሳንባ ማዳመጫ ስቴቶስኮፕ ይባላል። ዛሬ እንደ ተራ ዕቃ የሚቆጠረው ይህ መሣሪያ ከ1816 በፊት በዓለም ላይ አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ሬኔ ላኔክ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው።

ላኔክ የካቲት ወር 1781 በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው በካምፔር ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ እናቱ ስለ ሞተችበትና አባቱም ልጆቹን ለማሳደግ ስላልቻለ፣ በናንት ከተማ ሐኪም ከነበረው ከአጎቱ ዘንድ ሄዶ አደገ። የፈረንሳይ አብዮት በፈነዳበት በዚያ የሁከት ዘመን፣ ገና በዐሥራ አራት ዓመቱ የሕክምናን ትምህርት በአጎቱ መሪነት ጀመረ። ሰውነቱ ቀጭንና ደካማ ቢሆንም ትጋቱ ከፍ ያለ ነበር። ከትምህርቱ ጎን ለጎን ዋሽንት መንፋት ይወድ ነበር፤ ለድምፅ የነበረው ንቁ ጆሮም ለኋላ ሥራው ሳይጠቅመው አልቀረም።

በ1801 ወደ ፓሪስ ሄዶ ኮርቪዛር ከተባለ ስመ ጥር የልብ ሐኪም ዘንድ ተማረ። በዚያ ዘመን በሕይወት ባለ ሰው ደረት ውስጥ ያለውን ሕመም ለይቶ ማወቅ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ጋን ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑን ለማወቅ ከውጭ መታ መታ እንደሚደረግ ሁሉ፣ ኮርቪዛርም የበሽተኛውን ደረት በጣቱ እየመታ ድምፁን ያጤን ነበር። ይህን ዘዴ በ1761 ያስተዋወቀው አውንብሩገር የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም ነው። አንዳንድ ሐኪሞች ደግሞ ጆሯቸውን በቀጥታ በበሽተኛው ደረት ላይ ይለጥፉ ነበር። ሁለቱም ዘዴዎች ቢሆኑ ለሁሉም በሽተኛ የሚያገለግሉ አልነበሩም።

በ1816 ላኔክ በፓሪስ በሚገኘው በኔከር ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ሆኖ ተሾመ። በዚሁ ዓመት የልብ ሕመም ምልክት የታየባት አንዲት ወጣት ሴት ወደ እርሱ ቀረበች። ሴቲቱ ወፍራም ስለ ነበረች ደረቷን በጣት መምታት ምንም አላስረዳም፤ ጆሮን በደረቷ ላይ መለጠፍም በዕድሜዋና በፆታዋ ምክንያት ነውር ሆነ። ላኔክ በተጨነቀበት በዚያች ሰዓት አንድ ነገር ትዝ አለው። ይኸውም በረጅም እንጨት አንድ ጫፍ ላይ መርፌ ቢጫር፣ በሌላው ጫፍ ላይ ጆሮውን ያስጠጋ ሰው ድምፁን ጥርት አድርጎ ይሰማዋል። ወዲያውኑ ጥቂት ወረቀቶችን አጥብቆ ጠቀለለና አንዱን ጫፍ በሴቲቱ ደረት ላይ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አኖረ። የልቧንም ምት ጆሮውን በቀጥታ ለጥፎ ከሚሰማው ይበልጥ ጎልቶ አዳመጠው።

ከዚያ በኋላ ላኔክ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክፍት የእንጨት ቱቦ ራሱ እየቀረጸ ሠራ። ስሙንም ደረትና መመልከት የሚል ትርጉም ካላቸው የግሪክ ቃላት በማውጣት ስቴቶስኮፕ አለው። ሦስት ዓመት ያህል የብዙ በሽተኞችን ደረት አዳመጠ፤ የሰማውንም ሁሉ ጻፈ። በሽተኛው ሲሞት ደግሞ አስከሬኑን መርምሮ በጆሮው የሰማውን በዓይኑ ካየው ጋር አነጻጸረ። ከታመመ ልብ ከሰማቸው ድምፆች አንዱን ከወናፍ ድምፅ ጋር አመሳሰለው። የጥናቱን ውጤት በ1819 በመጽሐፍ አሳተመ።

ይሁን እንጂ ላኔክ ያልተሳሳተ ሰው አልነበረም። ጤናማ ልብ በእያንዳንዱ ምት ሁለት ድምፅ ያሰማል። ላኔክ ሁለተኛው ድምፅ የሚመጣው ከልብ የላይኛ ክፍሎች መኮማተር ነው ብሎ አምኖ ነበር። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሐኪሞች ግን ድምፁ የሚሰማው የልብ ክዳኖች ሲዘጉ መሆኑን አረጋገጡ። ስሕተቱን ያረሙት እርሱ ራሱ ባስተማራቸው መንገድ በማዳመጥ ነበር።

ላኔክ ከሁሉ ይበልጥ ያጠናው የሳንባ ነቀርሳን ነበር፤ ሕይወቱንም ያሳጠረው ይኸው በሽታ ሆነ። በ1826 የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም ካዘጋጀ በኋላ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። በዚያም ነሐሴ 13 ቀን 1826 በአርባ አምስት ዓመቱ አረፈ። መሣሪያው በሽታን አሳወቀ እንጂ በሽታን አልፈወሰም፤ የላኔክ ዘመን ሐኪም የልብን መጎዳት ቢሰማም ጉዳቱን የሚፈውስ መድኃኒት አልነበረውም።

የጎደለውን የሞሉት ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። በ1836 ቡዮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት የያዛቸውን በሽተኞች ልብ ሲያዳምጥ፣ ቁርጥማቱና የልብ ጉዳቱ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አሳየ። በሃያኛው መቶ ዓመት የበሽታው መነሻ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ የጉሮሮ ጀርም መሆኑ ታወቀ። ሰውነት ይህን ጀርም ለመከላከል የሚያዘጋጀው ኃይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ ክዳኖች ያጠቃል። ክዳኖቹ እንደ በር እየተከፈቱና እየተዘጉ ደምን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያሳልፉ ናቸው። ሲጎዱ ግን ወይ በሚገባ አይዘጉም፣ ወይ በሚገባ አይከፈቱም። ይህ ሕመም ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ያገኘው ፔኒሲሊን ጀርሙን የሚያጠፋ መድኃኒት ለመሆን በቃ።

እንግዲህ የላኔክ ሥራ ለእኛ አካባቢ ምን ይጠቅማል? በሀዲያና በከምባታ ሕዝቡ ተጠጋግቶ ይኖራል። ብዙ ሰው በአንድ ጎጆ በሚያድርበት ስፍራ ደግሞ የጉሮሮ ጀርም በትንፋሽና በሳል በቀላሉ ይተላለፋል። የቁርጥማት ትኩሳት በብዛት የሚይዘው ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ነው። በአገራችን በብዙ ስፍራ የልጅ ጉሮሮ ሲያብጥ እንጥል ማስቆረጥ የቆየ ልማድ ነው፤ ይህ ግን ለደም መፍሰስና ለማመርቀዝ ያጋልጣል እንጂ ጀርሙን አያጠፋም። የጉሮሮው ሕመም ከተወ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበት ያብጣል፤ ሕመሙም ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ወይም ወደ ክርን ይዛወራል። ቤተሰቡ ብርድ ነው ብሎ ያልፈዋል። ቁርጥማቱ በእርግጥ ይለቃል፤ የልቡ ጉዳት ግን ድምፁን አጥፍቶ ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ልጁ ዳገት መውጣት ሲያቅተውና ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥረው በሽታው ሥር ሰድዶ ይገኛል።

የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ከዚህ ጀርም የሚመጣ አይደለም፤ ይህን የሚለየው የጤና ባለሙያ ነው። ጀርሙ ያለበት ሰው ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀናት ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው የቁርጥማት ትኩሳትን መከላከል ይቻላል። ትኩሳቱ አንድ ጊዜ የያዘው ልጅም ቢሆን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለብዙ ዓመታት የፔኒሲሊን መርፌ ቢወጋ፣ በሽታው እየተመላለሰ ልቡን እንዳይጎዳው ይረዳዋል። ልጁ ደኅና መስሎ ስለሚታይ መርፌውን ማቋረጥ ትልቅ አደጋ አለው። ክዳኑ ክፉኛ ከተበላሸ ግን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል። በ2009 በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተከፍቷል። ነገር ግን ከሆሳዕና 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የልብ ቀዶ ሕክምና ወረፋ ከመጠበቅ፣ በቅርብ ጤና ጣቢያ ጉሮሮን በጊዜ መታከም ይቀላል። ላኔክ የሰማውን ድምፅ ለማዳን አቅም አላገኘም፤ የእኛ ዘመን አቅሙን አግኝቷል። የሚቀረው ልጁን በጊዜ ወደሚያዳምጠው ሰው ማድረስ ነው።

ጥያቄዎች

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. ላኔክ ወረቀት ጠቅልሎ ለማዳመጥ የተገደደው በምን ምክንያት ነው?
2. የላኔክ ስሕተት ምን ነበር? የታረመውስ በምን መንገድ ነው?
3. ቁርጥማቱ ሲለቅ በሽታው ጠፍቷል ብሎ ማመን ለምን አደገኛ ይሆናል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች ፍች ከተናገራችሁ በኋላ በራሳችሁ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።

1. አነጻጸረ 2. ነውር 3. ሥር ሰደደ 4. ወናፍ

ሐ. በምሳሌው መሠረት የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች ወደ ተገብሮ ለውጡ።

ምሳሌ፦ ላኔክ መሣሪያውን ሠራ። መሣሪያው በላኔክ ተሠራ።

1. ሐኪሙ የልጁን ልብ አዳመጠ።
2. ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን አገኘ።
3. ጀርሙ ጉሮሮውን አጠቃ።

መ. በአካባቢያችሁ የጉሮሮ ሕመምና ቁርጥማት ሲይዝ ሰዎች የሚያደርጉትን ጠይቃችሁ፣ ጠቃሚውን ልማድ ከጎጂው በመለየት ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።