ክሪስቶፈር ላንግዴል፤ የሕግን ተማሪ በጽሑፉ የመዘነ ሰው

በየሴሜስተሩ መጨረሻ ውጤት በተነገረ ጊዜ በሴቻ ሻይ ቤቶች የሚሰማው ክርክር ዘወትር አንድ ዓይነት ነው። አንዱ መልሱን አግኝቶ ሳለ ነጥብ እንደ ተቀነሰበት ያማርራል፤ ሌላው መልሱን ስቶ ሳለ ደኅና ነጥብ ስለ ተሰጠው ይደነቃል። ይልቁንም በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚያጠኑትን ጓደኞቻችንን ይህ ነገር አብዝቶ ያነጋግራቸዋል፤ የነሱ ፈተና እንደ ሒሳብ አንድ ቁርጥ ያለ ድምር የለውምና። ይህ አፈታተን ግን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን መነሻ ያለው የሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ለሥራው ዋና ምክንያት የሆነውን ሰው የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ ጠቃሚ መስሎ ታየን።

ክሪስቶፈር ኮሎምበስ ላንግዴል በ1826 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኒው ሃምፕሸር ክፍል፥ ኒው ቦስተን በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች፥ በተለይ ካልተገለጠ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቹ ድኾች ገበሬዎች ነበሩ። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ሞተችበት፤ ቤተ ሰቡም ተበታተነ። እሱም ጥቂት ካደገ በኋላ ወደ ማንቸስተር ከተማ ሄዶ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጠረ። ትምህርት የመማር ፍላጎቱ ግን አልበረደም። እኅቶቹ ከትንሽ ገቢያቸው እየቀነሱ ስለ ረዱት በ1845 ዓ.ም. ኤክሰተር በሚባለው ታዋቂ ትምህርት ቤት ገባ። በ1848 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃርቫርድ ኮሌጅ ተሻገረ፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላጠረው ሳይፈጽም ወጣ።

በ1851 ዓ.ም. ወደ ሃርቫርድ ተመልሶ በሕግ ትምህርት ቤቱ ተመዘገበ። ለመኖሪያው የሚሆነውን ለማግኘት በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ረዳት ሆኖ ይሠራ ነበር። ሌሎቹ ተማሮች ዓመት ተኩል ብቻ ተቀምጠው ሲሄዱ፥ እሱ ሦስት ዓመት ያህል ከመጻሕፍቱ መካከል ሳይወጣ ቆየ። በ1854 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ጠበቃ ሆነ። በዚያም ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሠራ በችሎት ፊት ቆሞ በመናገር አልታወቀም፤ ይልቁንም የቀደሙትን ፍርዶች እየመረመረ ለሌሎች ጠበቆች የጽሑፍ ክርክር በማዘጋጀት ይታወቅ ነበር።

በ1869 ዓ.ም. ቻርልስ ኤሊየት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆነ። ኤሊየት የኬሚስትሪ መምህር የነበረ ሰው ነው። በተማሪነቱ ዘመን በአንድ ጓደኛው ክፍል ውስጥ ላንግዴል ስለ ሕግ ሲናገር ሰምቶት ስለ ነበረ አልረሳውም። በ1870 ዓ.ም. አስጠርቶ መጀመሪያ ፕሮፌሰር፥ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን አደረገው።

በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤቱ ሁኔታ እንዴት እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። ለመግባት ፈተና የለም፤ ለመውጣትም ፈተና የለም። መምህሩ ከመጽሐፍ ያነባል፤ ተማሪው ያዳምጣል። የትምህርቱን ዋጋ ከፍሎ ዓመት ተኩል የተቀመጠ ሁሉ ዲግሪውን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ሌሊቱን በጭፈራ ያሳለፈው የባለጠጋ ልጅና ሌሊቱን በመብራት ያጠናው የድኻ ልጅ የያዙት ወረቀት አንድ ነበር። ወረቀቱ አንድ ከሆነ ዘንድ ሥራ በሚፈለግበት ጊዜ የሚለያያቸው የአባት ስም ብቻ ነው። ከፋብሪካ ተነሥቶ በእኅቶቹ ገንዘብ የተማረው ላንግዴል ይህን ነገር ሊወደው አይችልም ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ለወጠ። አንደኛ፥ ተማሪው የመጽሐፍ ሐተታ ከመስማት ይልቅ ዳኞች የሰጡትን ፍርድ ራሱ አንብቦ እንዲመጣ አደረገ። ለዚህም በ1871 ዓ.ም. ስለ ውል የተሰጡትን ፍርዶች ሰብስቦ በመጽሐፍ አሳተመ። ሁለተኛ፥ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ያላለፈ ወደሚቀጥለው እንዳይሻገር ሥርዓት አቆመ። ሦስተኛው ለዛሬው ነገራችን ዋናው ነው፤ ይኸውም በየትምህርቱ መጨረሻ የጽሑፍ ፈተና እንዲሰጥ አደረገ።

መጀመሪያ ጊዜ ብዙዎች ሣቁበት። መምህሩ እየጠየቀ ተማሪው እንዲመልስ መደረጉ የትምህርቱን ዋጋ በከንቱ እንደ መክፈል ተቆጠረ። አብዛኞቹ ተማሮች ክፍሉን ትተው ሄዱ፤ ጥቂቶች ብቻ ቀሩለት። በ1872 ዓ.ም. በዚያው አካባቢ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሲከፈት፥ አንዱ ምክንያት የላንግዴልን መንገድ የማይወዱ ሰዎች መኖራቸው ነበር። ኤሊየት ግን ከኋላው ቆመ፤ ላንግዴልም አላፈገፈገም። ከቀሩት ተማሮች አንዱ የነበረው ጄምስ ባር ኤምስ በ1873 ዓ.ም. በዚያው ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ቆይቶም የዲንነቱን ቦታ ወረሰ።

እንግዲህ የፈተናው ጥያቄ ምን ዓይነት ነው? ጥያቄው የሕጉን ቃል በቃል አይጠይቅም፤ አንድ ታሪክ ያወራና ፍርዱን ከነምክንያቱ ይጠይቃል። በኛ አገር ምሳሌ እናስረዳ። አንድ የላንቴ ገበሬ ሙዙን ለአንድ ነጋዴ በተወሰነ ዋጋ ሊሸጥለት ቃል ይሰጣል፤ መልሱንም እስከ ዓርብ እንደሚጠብቅ ይነግረዋል። ሐሙስ ዕለት ሌላ ነጋዴ ብልጫ ዋጋ ሲያቀርብለት ሸጠለት። ፊተኛው ነጋዴ ዓርብ ጧት መቀበሉን ገለጠ። ገበሬው ተጠያቂ ነው ወይስ አይደለም?

ሕጉን ብቻ በቃሉ የያዘ ተማሪ ስለ ውል የሚያውቀውን ሁሉ ሦስት ገጽ ይጽፋል። አራሚው ግን የሚፈልገው ሌላ ነው። መጀመሪያ፥ ተማሪው የክርክሩን ጭብጥ ለይቷል ወይ? ቀጥሎ፥ ጭብጡን የሚገዛውን ሕግ አግኝቷል ወይ? ከዚያም ሕጉን ከገበሬው ነገር ጋር አገናኝቷል ወይ? መደምደሚያው የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ስለዚህ አከራካሪ በሆነ ጥያቄ ሁለት ተማሮች ተቃራኒ ፍርድ ሰጥተው ሁለቱም ጥሩ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ። ያለ ምክንያት የተጻፈ ትክክለኛ ፍርድ ደግሞ አነስተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። የሻይ ቤቱ ክርክር መልስ ይኸው ነው።

ምሳሌያችን ሌላም ትምህርት አለው። በ1876 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይህን የመሰለ ነገር በአንድ ቤት ሽያጭ ላይ ቀርቦ፥ ሻጩ እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ ማለቱ እንደማያስገድደው ተፈርዷል። በ1960 ዓ.ም. በወጣው በኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን፥ ቁጥር 1690 እንደሚለው፥ የመቀበያ ጊዜ ወስኖ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ ይገደድበታል። እንግዲህ የባዕድ አገር መልስ ሸምድዶ የመጣ ተማሪ በዚህ ጥያቄ ይወድቃል፤ ማመዛዘን የተማረ ግን ያልፋል።

የላንግዴል ሥራ ነቀፌታ አልጎደለውም። ታዋቂው የሕግ ሊቅ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ ላንግዴል ከሰው ኑሮ ይልቅ የአስተሳሰብ ሥርዓትን እንደሚያስቀድም ነቅፎታል። ከዚህም የሚብስ ጉድለት ነበር። ተማሪን በሥራው እንጂ በትውልዱ አልመዝንም ያለው ትምህርት ቤት በሩን ለሴቶች ዘግቶ ቆየ፤ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች የተቀበለው በ1950 ዓ.ም. ነው። ሚዛኑ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን ከሚዛኑ ላይ እንዳይወጣ የተከለከለ ሰው ካለ ፍርዱ ጎደሎ ነው።

ላንግዴል በሸመገለ ጊዜ ዓይኑ እየደከመ ሄዶ ንባብ ከበደው። በ1895 ዓ.ም. ዲንነቱን ለቀቀ፤ በ1906 ዓ.ም. በሰማንያ ዓመቱ ሞተ። ሲጀምር የተሣቀበት መንገድ ግን በሕይወቱ ሳለ በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች መስፋፋት ጀምሮ ነበር።

ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1963 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር 1956) በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበር። ከዚያ በፊት ፍትሐ ነገሥትን በቤተ ክህነት የተማረ ሰው ዕውቀቱ የሚመዘነው በቃሉ ነበር፤ መምህሩ ፊት ለፊት ሰምቶ እዚያው ያርመዋል፤ ተማሪውም የት እንደ ሳተ ወዲያው ያውቃል። የጽሑፍ ፈተና ይህን ፊት ለፊት መተያየት አስቀርቷል። ጥቅሙ፥ አራሚው የሰውን ፊት አይቶ እንዳያዳላ ማድረጉ ነው፤ ጉዳቱም፥ ተማሪው ቁጥር ብቻ ተቀብሎ ስሕተቱን ሳያውቅ መቅረቱ ነው።

ዛሬ ነገሩ እንደገና ሊታሰብበት ይገባል። በ2015 ዓ.ም. (በኛ አቆጣጠር) በሁሉም ትምህርቶች የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና፥ መልሱ በኮምፒዩተር የሚመረጥ ነው። የሕግ ተማሮች ፈተናውን ከሌሎቹ ዓመታት ቀድመው ያውቁታል። ምርጫ የሚታረመው ያለ አድልዎ ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ምክንያቱን ሲጽፍ አያሳይም። ነገ ዳኛ ሆኖ የሰው ርስት ወይም ነፃነት የሚወስነው ወጣት ፍርዱን ከነምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ ይህንንም የሚለማመድበት ሌላ ስፍራ ከክፍሉ በቀር የለውም።

ስለዚህ ከመምህራኖቻችን ልንለምነው የሚገባው ማርክ እንዲጨመርልን አይደለም። የጻፍነው ወረቀት የት ላይ እንደ ቀና፥ የት ላይ እንደ ጎበጠ በኅዳጉ ተጽፎ እንዲመለስልን ነው። እኛም ወረቀቱ ሲመለስልን ከቁጥሩ አስቀድመን ኅዳጉን እናንብብ።