ሰር ኤድዋርድ ኩክና የመንደሩ መዝገብ

ሰር ኤድዋርድ ኩክ በእንግሊዝ የሕግ ታሪክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከነገሥታት ጋር ባደረገው ክርክር ነው። በ1616 ከዋና ዳኝነት መሻሩ፣ በ1621 መጨረሻ በለንደን ግንብ መታሰሩ፣ በ1628 የመብት አቤቱታ የተባለው ሰነድ ሲዘጋጅ የነበረው ድርሻ በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይነገራል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይኸው ሰው ከቤተ መንግሥት ርቆ በሚገኘው ገጠር፣ በገበሬውና በመሬቱ ጌታ መካከል ለነበረው ክርክር የዋለው ውለታ ግን፣ የብዙ ሺህ ቤተሰብ ኑሮ የተያዘበት ሆኖ ሳለ፣ እምብዛም አይወሳም።

ኩክ የተወለደው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1552 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ፣ ማይልሃም በተባለ መንደር ነው። አባቱ ሮበርት ኩክ የሕግ ጠበቃና ባለመሬት ነበር። ልጁ ሊወለድ ሦስት ዓመት ሲቀረው፣ ማለትም በ1549 በጋ፣ የኖርፎክ ገበሬዎች በሮበርት ኬት መሪነት ተነሥተው የጋራ ግጦሽ የታጠረበትን አጥር አፈረሱ፤ ከኖሪች ከተማ አጠገብ ባለው የማውስሆልድ ሜዳም ሰፈሩ። ለመንግሥት ካቀረቧቸው 29 ጥያቄዎች መካከል ጌቶች ከብቶቻቸውን በጋራው ግጦሽ ላይ እንዳያሰማሩ የሚከለክል ይገኝበታል። ዐመፁ በነሐሴ ወር መጨረሻ በጦር ኃይል ተደመሰሰ፤ ኬትም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በኖሪች ግንብ ላይ ተሰቀለ። ሕፃኑ ኤድዋርድ ያደገው ይህ ነገር ገና ከሰው አፍ ባልጠፋበት አገር ነው። ትምህርቱንም የጀመረው በዚያችው በኖሪች ከተማ ነበር።

የዚያን ጊዜው የእንግሊዝ ገጠር ማነር በሚባሉ ይዞታዎች የተከፋፈለ ነበር። ማነር ማለት አንድ ጌታ መሬቱንና በመሬቱ ላይ ያለውን የዳኝነት ሥልጣን አጣምሮ የሚይዝበት ክፍል ነው። የኢትዮጵያን የጉልት ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ መመሳሰሉን ሳያስተውል አይቀርም፤ ነገር ግን ንጽጽሩ ሩቅ አይሄድም። ባለጉልቱ ግብርና ዳኝነት ሲይዝ ርስቱ የገበሬው ሆኖ ይኖር ነበር፤ በእንግሊዝ ማነር ግን በሕግ ዐይን የመሬቱ ባለቤት ጌታው ራሱ ነበር። ገበሬው የሚያርሰው፣ ጥንት የነበረው ሕግ እንደሚለው፣ በጌታው ፈቃድ ነው። አያቶቹ ከመሬቱ ጋር የታሰሩ ባሮች ያህል ስለነበሩ፣ እሱ ነጻ ሰው ከሆነ በኋላም የያዘው መሬት የአያቶቹን ውርደት ይዞ ቆየ።

የማነሩ ችሎት የመንደሩ ኑሮ ሁሉ የሚታይበት ቦታ ነበር። ችሎቱን የሚመራው ብዙውን ጊዜ ጌታው ሳይሆን ስቲዋርድ የተባለው ሹም ነው፤ በእኛ አነጋገር ምስለኔ ቢባል ያስኬዳል። በፊቱ ከመንደሩ ገበሬዎች ተመርጠው የማሉ ሰዎች ይቆማሉ። እነሱም የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ያረሰውን፣ የውሃ መውረጃውን ቦይ ያላጸዳውን፣ ዐሣማውን ያለ ጠባቂ የለቀቀውን፣ በጋራው ግጦሽ ላይ ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ ከብት ያሰማራውን እየጠሩ ያስታውቃሉ። ሊት በሚባለው፣ በንጉሥ ስም በዓመት ሁለት ጊዜ በሚሰየመው ችሎት ደግሞ የዳቦና የጠላ ሻጮች ሚዛንና መስፈሪያ ይመረመራል፤ የመንደሩ ፀጥታ አስከባሪም ይሾማል። መቀጫው በአብዛኛው ጥቂት ሳንቲም ነው። ልኩን የሚወስኑትም ከመንደሩ የተመረጡ ሰዎች ስለሆኑ፣ ቀጪው በሚቀጥለው ዓመት ተቀጪ ሊሆን እንደሚችል ያውቃል፤ ይህ ዕውቀት ከብዙ ሕግ ይልቅ ፍርድን ሳያለዝብ አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የመሬት ዝውውር ነው። ገበሬው መሬቱን ለልጁ ወይም ለገዢ ሲያስተላልፍ ከችሎቱ ፊት ቀርቦ በትር ለምስለኔው ያስረክባል፤ ምስለኔውም በትሩን ለአዲሱ ባለይዞታ ይሰጠዋል። አዲሱ ሰው የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል። በብዙ ቦታም የሟች ቤተሰብ ካላቸው ከብት ምርጡን ለጌታው ያስረክባል፤ አባት በሞተበት ሳምንት በሬውም ከበረት ይወጣል ማለት ነው። የተደረገው ሁሉ በችሎቱ መዝገብ ይጻፍና ገበሬው ግልባጩን ይወስዳል። ስሙም ከዚህ የተነሣ ባለግልባጭ ተባለ። መዝገቡ የሚጻፈው በላቲን ስለነበረ፣ ገበሬው ኑሮው የተንጠለጠለበትን ወረቀት ራሱ ማንበብ አይችልም ነበር። የችሎት ጽሕፈት በቋሚነት በእንግሊዝኛ እንዲሆን የተደረገው በ1733 ነው።

ኩክ በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ከተማረ በኋላ በ1572 ኢነር ቴምፕል ወደተባለው የጠበቆች ማኅበር ገባ፤ በ1578ም ለጥብቅና በቃ። ከመጀመሪያ ጉዳዮቹ አንዱ የተነሣው ከዚያው ከኖርፎክ ነው። ሎርድ ክሮምዌል የተባለው መኰንን አንድን የገጠር ቄስ በስም ማጥፋት ከሰሰው፤ ወጣቱ ጠበቃ ለቄሱ ቆመ። ኩክ ክሱ የተመሠረተበት ጥንታዊ ሕግ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ በተሳሳተ ቃል መተርጐሙን፣ ከሳሹም ይህንኑ ስሕተት ደግሞ መጻፉን አሳይቶ ክሱን ጣለ። ዋናውን መዝገብ ገልጦ የማየት ልማዱ ከዚያ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም።

የባለግልባጮች ጉዳይ በዚህ ጊዜ በንጉሡ ፍርድ ቤቶች ውስጥ በመለወጥ ላይ ነበር። አስቀድሞ በ1467 ዳንቢ፣ በ1481 ብሪያን የተባሉ ዋና ዳኞች፣ ግዴታውን የፈጸመ ባለግልባጭ በጌታው ከተነቀለ ሊከስ ይችላል የሚል አስተያየት ሰጥተው ነበር። በኩክ ዘመን አስተያየቱ ሥርዓት ሆነ። የጌታው ፈቃድ የሚለው ቃል ከማነሩ ልማድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ልማዱም በመዝገቡ ይታወቃል፤ ስለዚህ ጌታው ራሱ የመዝገቡ እስረኛ ነው ወደሚል መደምደሚያ ተደረሰ። ኩክ ከ1600 ጀምሮ ባሳተማቸው የፍርድ ዘገባዎች፣ በተለይ በ1604 በወጣው አራተኛ ክፍል፣ እነዚህን ጉዳዮች በአንድ ቦታ ሰበሰባቸው። ከእነሱ መካከል በ1600 የተወሰነው የሆባርትና የሃሞንድ ክርክር ይገኛል። በዚህ ፍርድ መሠረት የመግቢያው ገንዘብ በልማድ ባልተወሰነበት ማነር እንኳ ጌታው ከመጠን ያለፈ ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም፤ ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚወስነውም ፍርድ ቤት እንጂ ጌታው አይደለም። ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት በዚያ ዘመን ብዙ ጌቶች ቋሚውን ግብር ማሳደግ ስላልቻሉ በመግቢያው ገንዘብ በኩል ገበሬውን ሊያስለቅቁ ይሞክሩ ነበርና፣ ፍርዱ የመጣው በሚፈለግበት ሰዓት ነው።

የሕግ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት የሄይደን ጉዳይም ከዚህ ጋር የተያያዘ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ሕግ ሲተረጐም ሕጉ ሊያስቀር የፈለገው ጉድለት ይመርመር የሚለው መመሪያ የወጣው በ1584 ከተወሰነው ከዚህ ክርክር ሲሆን፣ ለእኛ ያቆየውም የኩክ ዘገባ ነው። ነገሩ የተነሣው በዴቨን አውራጃ በኦተሪ ከነበረ የካህናት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ አንድን መሬት ለአባትና ለልጅ በግልባጭ ለዕድሜ ልካቸው ከሰጠ በኋላ፣ ሊዘጋ ሲል ያንኑ መሬት ለሄይደን ለ80 ዓመት አከራየ። የባለግልባጩ መብት ሕጉ የዕድሜ ልክ መብት ካላቸው ውስጥ ይቈጠራልን የሚለው ዋናው ጥያቄ ነበር። ዳኞቹ ይቈጠራል ብለው የሄይደንን ኪራይ ሻሩት።

ኩክ በ1594 ዐቃቤ ሕግ፣ በ1606 የኮመን ፕሊስ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ ሆነ። ሰውዬው ለስላሳ አልነበረም። በ1603 በሰር ዋልተር ራሌ ላይ በተያዘው የክሕደት ክስ ተከሳሹን በስድብ ማዋረዱ እስከ ዛሬ ያስነቅፈዋል። የመንደሩንም ነገር ሲዳኝ ያየው በመዝገብ ዐይን ነው። በ1607 ሊንከንሸር ውስጥ ስቲክስወልድ ከተባለ መንደር የመጣው የጌትዋርድ ጉዳይ ይህን ያሳያል። የመንደሩ ነዋሪዎች ነዋሪ በመሆናቸው ብቻ በጋራው ግጦሽ ከብት ማሰማራት የቆየ ልማዳቸው መሆኑን ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ነዋሪ የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ፣ መብቱ በመሬት ይዞታ ላይ ካልተመሠረተ ልማዱ ዋጋ የለውም ተባለ። ኩክም ፍርዱን በዘገባው ውስጥ አስገባው። እንግዲህ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ ገበሬ ጌታውን በፍርድ ፊት የሚያቆምበት ኃይል ባገኘበት በዚያው ትውልድ፣ ጎጆ እንጂ መሬት የሌለው፣ በአንዲት ላምና በጥቂት ዝይ የሚኖረው ድኻ የሚይዘው አጣ። በኋላ ግጦሹ በየመንደሩ ሲታጠር ካሣ ያላገኘው ይህ ሁለተኛው ነው። ሁለቱንም ያወጣው አንድ ዐይነት አስተሳሰብ መሆኑን የኩክ አድናቂዎች ሊያልፉት አይገባም።

ኩክ ራሱም ጌታ ነበር። በ1582 ብሪጅት ፓስተንን ሲያገባ ያገኘውን ሀብት ከጥብቅናው ገቢ ጋር አዳብሎ በኖርፎክና በሌሎችም አውራጃዎች ማነር በማነር ላይ ገዛ፤ የሆልከም ባለጸጎች የተባሉት ዘሮቹ ሀብታቸው የተነሣው ከዚህ ነው። በየማነሩ ችሎት የሚሰየመው በእሱ ስም፣ የመግቢያው ገንዘብ የሚገባውም ወደ እሱ ሣጥን ነበር። ይሁን እንጂ ባለግልባጩን በሚመለከት የጻፈው ነገር ጌቶችን ለመጥቀም የታሰበ አይመስልም። ከሞተ በኋላ በ1641 የታተመችው ስለ ባለግልባጭ የምትናገር መጽሐፉ፣ የዚህን ይዞታ ዝቅተኛ አመጣጥ ሳትደብቅ፣ ልማዱን የጠበቀ ገበሬ ጌታውን የሚፈራበት ምክንያት እንደሌለው ታስረዳለች።

ከ1616 ሽረቱ በኋላ ኩክ በፓርላማ አባልነት ጸንቶ፣ በእርጅናው ደግሞ በመጻፍ ኖረ። በመሬት ይዞታ ላይ የጻፈው ታላቅ ማብራሪያ በ1628 ወጣ። በ1634 በስቶክ ፖጅስ በሞት ጣር ላይ ሳለ የንጉሡ ሹማምንት ወረቀቶቹን ወሰዱ፤ ሴፕቴምበር 3 ቀን ዐረፈና በኖርፎክ በቲትልሻል ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ወረቀቶቹ የተመለሱት በፓርላማ ትእዛዝ ሲሆን፣ የቀሩት የሕግ ትምህርቶቹ ከ1642 እስከ 1644 ታተሙ።

ባለግልባጭነት ግን ከእሱ በኋላ ሦስት ምዕተ ዓመት ያህል ቆየ። የተሻረው በ1922 በወጣው የንብረት ሕግ መሠረት ጃንዋሪ 1 ቀን 1926 ሲሆን፣ ይዞታዎቹ ሁሉ ወደ ሙሉ የባለቤትነት መብት ተለወጡ። የችሎቶቹ መዝገቦችም ማስተር ኦፍ ዘ ሮልስ፣ ትርጓሜውም የመዝገቦች አለቃ፣ በተባለው ከፍተኛ ዳኛ ጥበቃ ሥር ተደረጉ፤ ያለ ፈቃድ ከእንግሊዝና ከዌልስ ውጭ ሊወሰዱ አይችሉም።